የጎርጎራዋ አራስ

ጎርጎራ ደርሳችሁ መጣችሁ አሉ። ሐይቁ ሸጋ ነው፣ ጣልያን ትቷቸው የሄደ ቤቶች ፍርስራሻቸው እንኳ ዓይን ይስባል፣ «እዚያ የኖረ ሰው ምንኛ ታድሏል» ብላችኋል። ኤድያ! እኔ አይደለሁ የኖርኩበት? መታደሌን እናንተው ትፈርዳላችሁ። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም። እኔ በልቼ ጠጥቼ፣ ልጄን አዝዬ በሰላም ወጥቻለሁ። የማወራችሁ ጥሩ ስለምትባል ሴት ነው፤ ስለ ግንበኛው ስለ ባፈና ሚስት። እናንተ ተደግፋችሁ ፎቶ የተነሣችሁበትን ግንብ የገነባው ባሏ ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ግንብ በታች፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ነው የሞተችው። ይኸው፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ነገርኳችሁ። የሚያለቅስ ካለ ከአሁኑ ያልቅስና ዝም ብሎ ይስማኝ።

የኛ ቤት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነበር። አባቴ ሐጂ ሐቢብ ነጋዴ፣ አያቴም ነጋዴ። ጣልያን ሲገባ የክርስቲያኑ ባላባት ጫካ ገባ፤ ለኛ ለእስላሞቹ ግን ፊት ሰጠን። ለዓይናችን ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ጨውና ስኳር የሚያመላልስለት ሰው ፈልጎ ነው። ወደ ጎርጎራ የማኪና መንገድ ሲወጣ ባሌ ዐብዱረሕማን «ዙሌይካ፣ ሱቁን ሐይቅ ዳር እንውሰደው፤ ትልልቆቹ ሁሉ እዚያ ቤት እየሠሩ ነው» አለኝ። እኔም ገና አዲስ ሙሽራ፣ ምን አውቄ! ሄድን።

ጉብታው ላይ ቪላዎቹ ነበሩ። ግድግዳቸው ነጭ፣ በረንዳቸው ሁሉ ወደ ሐይቁ የዞረ፣ መስኮታቸው መስተዋት። መብራታቸው በሞተር ይበራል። ደጃቸው ላይ የማይበላ አበባ ይተከላል፤ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ተቀጥሮለት! እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አይታው «ይህ ሁሉ መሬት ጎመን እንኳ አያበቅል?» አለች። ከጉብታው ግርጌ ደግሞ ለሚፈልጓቸው ሰዎች የሠሩት አንድ ረድፍ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል። አንዱ የኛ ነው፣ አንዱ የማኪና ጠጋኙ፣ የዳሩ የባፈና። ከጎንደር የመጣ ዘመድ ሁሉ ግድግዳውን እየዳሰሰ «አንቺማ ዓለምሽን አየሽ» ይለኛል።

ሕጉ ግን አያድርስ ነው። ፍየል ደጅ ላይ አይታሰር። እንጨት አይከመር። ጭስ ወደ ላይ ቤቶች እንዳይሄድ፤ እስቲ ነፋሱን ማን ይቆጣው? ከሁሉ በላይ ግን ሐይቁ ዳር የሣር ጎጆ እንዳይታይ። የሥራው አለቃ፣ እኛ ቀዩ ጣልያን የምንለው፣ ወደ ማታ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ሐይቁን ማየት ይወዳል። ዓይኑ ላይ ጎጆ ከገባበት የሠራተኞቹን አዛዥ፣ ካቦውን ይጠራል፤ በማግስቱ ጎጆው የለም። ዓሣ አጥማጆቹን አንድ ባንድ ያስነሣቸው በዚህ ነው። «ሐይቁ መታየት አለበት» ይላል። ሐይቁ መቼ ተሸሽጎ ያውቃል?

ባፈና የወለቃ ሰው ነው፤ ከጎንደር ወጣ እንዳላችሁ ያለችው ወለቃ። ቤተ እስራኤል ናቸው። ያኔ ሰው በሌላ ስም ነበር የሚጠራቸው፤ እኔ በአፌ አልደግመውም። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ ከግንበኞች ጋር ከአገር አገር ሲዞር ነው ያደገው። እጁ ለድንጋይ የተፈጠረ ነው፤ ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ በሁለት ምት ይከፍለዋል። ስለ ሃይማኖቱ የሚያውቀው ግን ልጅ ሳለ የሰማውን ነው። ይህን አትንካ፣ ያንን አትሻገር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ።

ጥሩን ከወለቃ ይዟት የመጣ ዕለት ጎረቤት ነኝና ልቀበላት ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ ሸሸች! እኔን! የሐጂ ሐቢብን ልጅ! ደሜ ፈላ።

«ምነው፣ እሾህ አለኝ?» አልኳት።

«የለሽም እሜቴ» አለች፣ ፍንጭት ጥርሷን ብልጭ አድርጋ። «ግን ከወገኔ ውጪ ሰው ከነካሁ ታጥቤ ነው ቤቴ የምገባው። ዛሬ ደግሞ ውሃው ይበርዳል።»

ሳቄ አመለጠኝ። በዚያው ወዳጅ ሆንን። እሷ ከደጃፏ፣ እኔ ከደጃፌ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ እናወራለን። ጨው ስሰጣት መሬት ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ፣ ከዚያ ታነሣለች። ሸክላ ትሠራ ነበር። የግንባታው ሠራተኛ ገንቦዋን ይገዛታል፣ እሷ ስታልፍ ደግሞ «ዓይኗ ይበላል» ብሎ ልጁን በነጠላ ይሸፍናል። እሷ እቴ! «እኔ እንኳን የሰው ልጅ ልበላ፣ የባፈናን ሽሮ መጨረስ አቅቶኛል» ትለኛለች። ሆዷ ግን ያርር ነበር፤ አውቃለሁ።

ጭንቋ በየወሩ ነው። በነሱ ሕግ ሴት በደሟ ሰሞን ከባሏ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አታድርም፤ ለብቻዋ ጎጆ አላት። ጎጆው ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደርበታል፤ ድንጋዩን ወንድ አያልፈውም። ወለቃ ላይ ይህ ችግር አይደለም፤ ጎጆው የመንደሩ ነው፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ያወጋሉ፣ ያርፋሉ። ጎርጎራ ላይ ግን ጎጆ ክልክል! ባፈና ምን ያድርግ? ከደንገሉ መሃል፣ ከላይ ቤቶች የማይታይ ሥፍራ ፈልጎ ትንሽ የሣር ጎጆ ቀለሰላት። ድንጋዩንም ራሱ ጠርቦ ዙሪያውን ደረደረው። ለጣልያን ከሚጠርበው አሳምሮ ነው የጠረበው።

ከወለቃ ጀምሮ ብዙ ዓመት መካን ሆና ኖራ ጥሩ አረገዘች። ደስታዋን አትጠይቁኝ! ባፈና ቀዩ ጣልያን ዘንድ ወጥቶ፣ ከመውለጃዋ በፊት ወለቃ እንዲለቃቸው ለመነው። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ይሁን» አለው። ባፈና አመነ። የሹም ቃል ማመን! ክረምቱ ሲገባ «ከሮማ ትልቅ ሹም ሊመጣ ነው፣ ቪላው ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ የለም» ተባለ። ያለ ይለፍ ደግሞ ከጎርጎራ መውጣት አይታሰብም፤ መንገዱ አርበኛ አደጋ እየጣለበት በየኬላው ጥይት ነው።

«ግዴለሽም፣ ቤትሽ ገብተሽ ውለጂ» አልኳት። «ቆርቆሮ ቤት! እሳት አንድጄ፣ በር ዘግቼ አዋልድሻለሁ።»

«አይሆንም ዙሌይካ» አለች። እንዲያ ፊቷ ኮስተር ብሎ አይቻት አላውቅም። «እቤት ከወለድኩ ቤቱ ይረክሳል፣ ዕቃው ይረክሳል፣ ባፈና ይረክሳል። እናቴ ፈንታዬ ስትሸኘኝ ሌላ ምንም አላለችኝም፤ ‹ፈረንጅ አገር ረክሰሽ እንዳትመጪብኝ› ብቻ ነው ያለችኝ። ልጄን በሥርዓቷ ወልጄ፣ ቀኔን ቆጥሬ ታጥቤ፣ ወለቃ እናቴ ደጅ ይዣት እገባለሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ያች ሴት የፈለገችው ይህችን ነው እንግዲህ። ቪላ አልፈለገች፣ መስተዋት አልፈለገች።

ምጧ የመጣው ዝናቡ ሲወርድ ነው። ጎጆዋ ገባች። በነሱ አገር ለአራስ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ የምታዋልድ ባልቴት አለች። እዚህ ማን አለ? ባፈና ከድንጋዩ ወዲህ ቆሞ ዝናብ ይወርድበታል፣ ከውስጥ እሷ ታቃስታለች። እኔ ድንጋዩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ልግባ አልግባ? ልነካት ነው፣ መነካት ደግሞ አትወድም።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ ከውስጥ። በዚያ ምጥ ላይ ትሳለቅብኛለች! «እኔ እንደሆንኩ አሁን ረክሻለሁ፤ አንቺ ምን ትጨምሪብኛለሽ? ግቢና ያዥኝ!»

ድንጋዩን ተሻግሬ ገባሁና እጇን ያዝኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ሆነን መነካካታችን ያኔ ነው። መዳፏ ከሸክላው ብዛት የሻከረ ነበር። ስታምጥ አጥንቴን ሰባበረችው፣ ወላሂ፣ እኔም አልለቀቅኋትም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ከጎጆ አለመውጣት ነው ሕጋቸው። ባፈና ገንፎ አገንፍቶ ይመጣና ከድንጋዩ ወዲያ አስቀምጦ በእንጨት ወደ ውስጥ ይገፋላታል። እኔ ያበሰልኩትንማ አትቀምስም። ከዚያ ጥሩ ልጅቷን ጎጆው በር ላይ ከፍ ታደርግለታለች።

«አፍንጫዋ ያንተ ነው» ትለዋለች።

«ከዚህ አልታየኝም፤ እስቲ ወደ ብርሃን አድርጊያት» ይላል።

ወደ ብርሃን ታደርግለታለች። አንገቱን አስግጎ ያያል፤ እግሩ ግን ከድንጋዩ አያልፍም። እንዲህ ነው ልጁን የሚያውቃት።

የሹሙ መምጫ ሲቃረብ ቀዩ ጣልያን ከበረንዳው ሆኖ ከደንገሉ መሃል ጭስ አየ። አራስ እሳት አትሙቅ? ካቦውን አስከትሎ ወረደ። ጎጆውን ሲያይ ቀይ ፊቱ ጠቆረ። ካቦው ይተረጉምለታል። «ቤት ሰጥቼሃለሁ! ሲሚንቶ ወለል ሰጥቼሃለሁ! ሚስትህን ጭቃ ውስጥ እንደ ከብት ታስተኛለህ? ቤትህ አስገባት፤ ይህንን ነገ አቃጥላለሁ» አለው። እውነቱን ልናገር፣ ሰውየው በዚያች ደቂቃ ደግ የተናገረ መስሎት ነበር። ባፈና ምን ብሎ ያስረዳዋል?

ያደረችበትን ጎጆ አይነካምና ሌሊቱን ወደ ታች፣ ረግረጉ ላይ፣ ሌላ ቀልሶ ሲነጋ ወሰዳት። ከፊት እሱ፣ ከኋላ በሩቁ አራሷ ልጇን ታቅፋ በጭቃው እየተንፏቀቀች፣ እኔ ጎኗን ደግፌ። ድንጋዮቹንም አንድ ባንድ አመላልሶ እንደገና ደረደረ። እዚያ ከላይ ቤቶች አይታይም። አይታይማ! ጉማሬ እንጂ ሰው የማይውልበት ቦታ ነው። ውሃው ከጎጆው ሥር ይመነጫል፣ ቢንቢው ደግሞ ጆሮ አያሰማም።

ወባ ያዛት። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ እንደ ምድጃ ነደደች። ጡቷ ደረቀ። የኔ ልጅ ገና ይጠባ ነበርና ልጅቷን ከልጄ ጋር አጠባኋት። ባሌ ዕቃ ሊያመጣ ጎንደር ወጥቷል። እኔ ሮጬ የላይ ቤቶች በር ላይ ቆምኩ፤ ዘበኛው ካስቆመኝ በኋላ የጣልያኖቹ ሐኪም ኪኒን ላከልኝ፤ «ራሷ ትምጣ፣ እኔ ረግረግ አልወርድም» አለ። ኪኒኑን አስዋጥኳት፤ አስመለሳት።

ባፈና እዚያው ድንጋዩ ዳር ቆሟል።

«አንሣት!» አልኩት። «ተሸክመህ ወደ ደረቅ ቤት አውጣት! ከዚያ ሐኪሙን እግሩ ላይ ወድቄ አመጣዋለሁ።»

«አልችልም እሜቴ።»

«ያን የሚያህል ድንጋይ የሚያነሣ ክንድ እሷን ማንሣት ያቅተዋል?»

«ክንዴማ ይችላል» አለ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። «እንዳንቺ ያለ ሰው ብነካ ታጥቤ እገባለሁ፣ እሱን አውቃለሁ። አራስ ግን ሌላ ነው። አራስ የነካ ወንድ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከሰዎቼ ይቆርጡኝ ይሆን? ወለቃ ቢሆን ቄሱን እጠይቅ ነበር፤ ወለቃ ቢሆን ሴቶቹ ይገቡ ነበር። እዚህ ማንን ልጠይቅ?»

ይኸውላችሁ። ወለቃ ላይ ወንድ ድንጋዩ ጋ ቢቆም ማንም አይጎዳም፤ ውስጥ ሴት ሞልቷል። ስለዚህም ወንዱ ቢሻገር ምን እንደሚሆን ለባፈና የነገረው የለም። የሚሻገር ስላልነበረ! ሕጉን ከአገሩ ይዞ መጣ፣ ሕጉን የሚያውቁትን ሰዎች ግን ይዞ አልመጣም።

ጩኸቴን ሰምታ ጥሩ ከውስጥ ተጣራች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ባፈና! እንዳትሻገር፣ በሞትኩት! እኔስ ረክሻለሁ። አንተም ከረከስክ ልጅቷን ማን ወለቃ ያስገባታል? አንተ ንጹሕ ሁንላት።»

እንዲህ ስትለው እግሩ ጭራሽ ተተከለ። እኔ ለብቻዬ ላነሣት ሞከርኩ፤ ጭቃው አዳልጦኝ ሁለታችንም ወደቅን፣ እሷም «ተይኝ፣ ተይኝ» አለች። ወጥቼ የሰው ያለህ ብዬ ጮህኩ። ማን ይምጣ? በገንቦዋ ውሃ የሚጠጣ ሠራተኛ ሁሉ ስሟን ስጠራ ጊዜ ፊቱን አዞረ። የሷ በሽታ ይተላለፍብኛል የሚል አለ፣ ዓይኗን የሚፈራ አለ። ካቦው «ከሥራ ሰው አላስነሣም» አለኝ። ድፍት ያድርጋቸው! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማለዳ ላይ ሞተች። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ባፈና ውጭ የነሱን ጸሎት ያዜማል። እኔ ጮህኩ፤ ዜማው ተቋረጠ። ከዚያ ድንጋዩን ተሻግሮ ገባ። የሞተን ሰው ወገኑ መቅበሩን ያውቃል፤ ያንን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። አንሥቶ አቀፋት። እንደ ሕፃን ነበር ያቀፋት፣ ምንም አልከበደችውም። ከላይ ቤቶች በማይታይ ኮረብታ ጀርባ ለብቻው ቆፍሮ ቀበራት። ባሌ ሲመለስ ሰማውና ተቀምጦ አለቀሰ።

ሹሙ በሳምንቱ መጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ ሐይቁን አየ፣ «ቤሎ» አለ አሉ፣ ያምራል ማለቱ ነው፣ ምሳውን በልቶ ሄደ። ለዚህ ነው እንግዲህ።

ቪላው አልቋልና ለባፈና ይለፍ ተሰጠው፤ ጎንደር በሚሄድ የጭነት ማኪና ተጫንን። እኔ ለምን ሄድኩ? ልጅቷን ማን ያጥባት! ሁለት ሕፃን በሁለት ጡት ይዤ ወለቃ ወረድን። መንደሩ አልገባንም። ባፈና ሬሳ ነክቷል፣ በቄስ ገና አልነጻም፤ እኔም ባዕድ ነኝ። ወንዙ ዳር ተቀመጥን። መልክት ተላከና ቄሳቸው ቄስ ሀዳነ፣ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ከወንዙ ማዶ መጥተው ቆሙ። ከኋላቸው የጥሩ እናት ፈንታዬ ነበረች። ልጇን በዓይኗ ፈለገች፤ እኔን፣ ባፈናን፣ እኔን አየች። ገባት።

ባፈና ሁሉንም ነገራቸው። ጎጆውን፣ ረግረጉን፣ ወባውን፣ ድንጋዩን። አንዲት ነገር አልደበቀም። «እኔ ንጹሕ ሆኜ ልጅቷን እንዳደርስ ነው ያዘዘችኝ» አለ።

ፈንታዬ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ከነቀሚሷ ወንዙ ውስጥ ገባችና ተሻገረች። ልጅቷን ከጡቴ ላይ ወሰደቻት፤ እጇ እጄን ነካ፣ ደረቴን ነካ፣ ግድም አልሰጣት።  «ባንቺአየሁ» አለቻት እያለቀሰች፤ ስሟም ይኸው ሆነ። አድጋ፣ ተድራ፣ ኋላ ከልጆቿ ጋር ኢየሩሳሌም ገባች ሲሉ ሰምቻለሁ። የኔን ጡት መጥባቷን ነግረዋት ይሆን? እንጃ።

ቄስ ሀዳነ ግን ከማዶ እንደቆሙ ነው። 

«ልጄ» አሉ፣ «ማነው እንዳትሻገር የከለከለህ?»

«ሕጉ ነዋ፣ አባ።»

«ሕጉ ለደህና ቀን ነው። ነፍስ ስትጨነቅማ ወንዱም ይገባል። አራስ የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ልብሱን ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፤ ፀሐይ ስትገባ ንጹሕ ነው። ራቱን ቤቱ ገብቶ ይበላል።»

ባፈና ቀና ብሎ አያቸው። «ፀሐይ ስትገባ?» አለ።

«ፀሐይ ስትገባ» አሉ ቄሱ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ባፈና ሁለቱን ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። እኔ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰም።

«ውሃማ ነበረ፣ አባ» አለ። «ሐይቅ ሙሉ። ደጄ ላይ።»